የክረምቱን ወሬ ከባሕር የሚያመጡ ተንሳፋፊ ጣቢያዎች፤ ጥገናቸው በማን ላይ ይወድቃል?

በየዓመቱ ሚያዝያና ግንቦት ሲገባ ገበሬው ከሁሉ የሚከብደውን ውሳኔ ይወስናል። ለመድረስ ረጅም ጊዜ የሚፈልገውን ማሽላና በቆሎ አሁን ይዝራ ወይስ ማሳውን እያለሰለሰ ቆይቶ በሐምሌ ጤፍ ይዝራ? ቀድሞ ዘርቶ ዝናቡ መሐል ላይ ቢቋረጥ ዘሩ መሬት ውስጥ ይቀራል። ዘግይቶ ዝናቡ ቀድሞ ቢወጣ ደግሞ እሸቱ ሳይጎመራ ይደርቃል። የገበሬ ማኅበር መሪዎችም በዚሁ ሰሞን ምን ዓይነት ምርጥ ዘር፣ ምን ያህልስ ማዳበሪያ እንደሚያስፈልግ ለወረዳው ያሳውቃሉ። ግምቱ ከሳተ ሰብሉ ይጠፋል፤ የማዳበሪያው ዕዳ ግን አይጠፋም።

የክረምቱ ወራት የአየር ጠባይ ትንበያ በሬዲዮ የሚነገረው በዚሁ ወቅት ነው። ብዙ ሰው ትንበያው የሚዘጋጀው አዲስ አበባ ላይ ሰማይ በማየት ወይም ከሳተላይት በሚገኝ ሥዕል ብቻ ይመስለዋል። ነገሩ እንዲያ አይደለም። ወራትን አስቀድሞ ለመናገር ከሰማዩ ይልቅ የሚታየው ባሕሩ ነው። ደመና በሰዓታት ውስጥ ይለወጣል፤ የውቅያኖስ ውሃ ግን አንድ ጊዜ ከሞቀ ወይም ከቀዘቀዘ ያንን ጠባዩን ይዞ ለወራት ይቆያል። ስለዚህ መጪው ክረምት ምን እንደሚመስል ፍንጭ የሚገኘው ከአገራችን በብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ካሉት የሰላማዊ፣ የሕንድና የአትላንቲክ ውቅያኖሶች ነው።

በእነዚህ ውቅያኖሶች ላይ የውሃውን ሙቀት፣ የአየሩን ግፊትና የነፋሱን ፍጥነት እየለኩ በሳተላይት በኩል ወሬ የሚያደርሱ ተንሳፋፊ የመለኪያ ጣቢያዎች ተሠማርተዋል። ፈረንጆቹ «ቦይ» ይሏቸዋል። ስሙ ገበሬው ከሚያውቀው የመስኖ ቦይ ጋር ገጠመ እንጂ ዝምድና የለውም። በዚህ ጽሑፍ ተንሳፋፊ ጣቢያ ቢባሉ ይሻላል።

ጣቢያዎቹ በሁለት ዓይነት ይከፈላሉ። አንደኛው ዓይነት ውሃው ወደ ወሰደው የሚሄድ ነው። አንድ ሰው ሊሸከመው የሚችል ክብ ነገር ሆኖ ከሥሩ 15 ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ እንደ ከረጢት ያለ ጨርቅ ተንጠልጥሎበታል። ጨርቁ ነፋስ ላይ ላዩን እንዳይነዳውና የውሃውን እንቅስቃሴ እንዲከተል ያደርገዋል። ከመርከብ ላይ ይወረወራል፤ ባትሪው እስኪያልቅ ድረስ ይለካል፤ ከዚያ በኋላ ፈላጊ የለውም። ሁለተኛው ዓይነት በአንድ ቦታ የታሰረ ነው። የባሕሩ ጥልቀት 4 ሺህ ሜትርና ከዚያም በላይ በሚሆንበት ቦታ ረጅም ገመድ ወደ ታች ይለቀቅና ጫፉ ወለሉ ላይ በከባድ ብረት ይያዛል። በሰላማዊ ውቅያኖስ ላይ ለዚህ ሥራ ያገለገሉ የባቡር ጎማ ብረቶች ተመርጠዋል። ይኸኛው ዓይነት ከላይ ነፋሱን፣ ሙቀቱንና እርጥበቱን፣ ከታች ደግሞ እስከ 500 ሜትር ጥልቀት ድረስ የውሃውን ሙቀት ይለካል። ነገር ግን በየዓመቱ ገደማ መርከብ ሄዶ ሊያድሰው ይገባል። የዛሬው ጉዳይም ያለው እዚህ ላይ ነው።

እነዚህ ጣቢያዎች እንዴት እንደመጡ ማወቅ ለነገሩ ይረዳል። እ.ኤ.አ. በ1982 በሰላማዊ ውቅያኖስ ላይ እስከዚያን ጊዜ በክፍለ ዘመኑ ከታዩት ሁሉ የበረታ ኤልኒኖ ተነሣ። ኤልኒኖ በስፓኝ ቋንቋ «ሕፃኑ» ማለት ነው። የፔሩ ዓሣ አጥማጆች በገና ሰሞን ወደ ጠረፋቸው የሚመጣውን ሞቃት ውሃ በሕፃኑ ክርስቶስ ስም ጠርተውት የቀረ ነው። ታዲያ ያን ያህል ትልቅ ነገር ሲመጣ ዓለም አላወቀውም ነበር። በዚያው ዓመት በመጋቢትና በሚያዝያ ሜክሲኮ ውስጥ ኤል ቺቾን የተባለ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ ወደ ሰማይ የወጣው ጉም የሳተላይቶቹን ዓይን ጋረደ፤ ሳተላይቶቹም የሞቀውን ውሃ ቀዝቃዛ አድርገው አነበቡት። በአካባቢው ያልፉ ከነበሩ መርከቦች አንዳንዶቹ ውሃው ከልክ በላይ መሞቁን ቢያስታውቁም፣ ኮምፒዩተሮቹ ከተለመደው እጅግ የራቀ ቁጥር ሁሉ እንደ ስሕተት እንዲጥሉ ታዘው ስለነበር እውነተኛውን ወሬ ጣሉት። ሊቃውንቱ የሆነውን የተረዱት ኤልኒኖው ከፍተኛ ደረጃው ላይ ሊደርስ ሲቃረብ ነው። በፔሩና በኢኳዶር ጎርፍ፣ በአውስትራሊያና በኢንዶኔዥያ ድርቅ ከገባ በኋላ ማለት ነው።

ከዚህ የተወሰደው ትምህርት ባሕሩን ከሩቅ ማየት ብቻ እንደማይበቃ፣ ውሃው ውስጥ የቆመ መለኪያ እንደሚያስፈልግ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1985 እስከ 1994 ባሉት 10 ዓመታት ውስጥ በሰላማዊ ውቅያኖስ የምድር ወገብ ግራና ቀኝ 70 ያህል የታሰሩ ጣቢያዎች ተተከሉ። በ1997 ሌላ ኃይለኛ ኤልኒኖ ሲነሣ ወሬው በየቀኑ እየተለካ ለትንበያ ሠራተኞች ሊደርስ የቻለው በእነዚሁ ምክንያት ነበር።

ጣቢያ መትከል አንድ ነገር ሲሆን የብዙ አገሮችን ጣቢያዎች ማስተባበር ሌላ ነገር ነው። ለዚህም ሲባል በ1985 የዓለም ሚቲዎሮሎጂ ድርጅትና በዩኔስኮ ሥር ያለው የመንግሥታት የውቅያኖስ ጥናት ኮሚሽን አንድ የትብብር ጉባዔ አቋቋሙ። በመጀመሪያ ሥራው በሚንሳፈፉት ብቻ የተወሰነ ሲሆን፣ በ1993 የታሰሩትም ተጨምረውበት ስሙ ተለወጠ። ጉባዔው በየዓመቱ ይሰበሰባል። መሐንዲሶች፣ የባሕር ሊቃውንት፣ የሚቲዎሮሎጂ መሥሪያ ቤቶች ተጠሪዎችና መሣሪያውን የሚሠሩ ፋብሪካዎች ሰዎች ይገኙበታል። ከስብሰባው ጎን ለጎንም ስለ መሣሪያዎቹ ጥናት የሚቀርብበት ዐውደ ጥናት ይካሄዳል።

ከርዕሶቹ አብዛኞቹ ለውጭ ሰው አሰልቺ መሆናቸው አይካድም። የባትሪ ዕድሜ፣ የገመድ ውፍረት፣ ወሬው ከሳተላይት ወርዶ ለመድረስ የሚፈጅበት ደቂቃ ይነሣል። ነገር ግን እዚያ የሚነሡት ሦስት ጥያቄዎች የአገራችንን ገበሬ በቀጥታ ይነኩታል።

የመጀመሪያው ጥያቄ ጣቢያዎቹ ሁሉንም ቦታ ያዳርሳሉ ወይ የሚለው ነው። ለሚንሳፈፉት የተያዘው ዕቅድ በየ500 ኪሎ ሜትሩ አንድ እንዲኖር ነበር፤ ይህም ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ ያለውን የመኪና መንገድ ያህል ርቀት ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ቁጥር 1,250 ሲሆን፣ በመስከረም 2005 እ.ኤ.አ. በካናዳ ሃሊፋክስ ከተማ አጠገብ 1,250ኛው ጣቢያ በሥነ ሥርዓት ወደ ባሕር ተጥሎ ግቡ ተሞላ። ቁጥሩ ይሞላ እንጂ ሥርጭቱ እኩል አይደለም፤ ውሃው እንደፈለገ ይወስዳቸዋልና። በምድር ወገብ አካባቢ የሚጣሉት ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ እየተገፉ ሥፍራው ባዶ ይቀራል።

ሌላም ነገር አለ። ሁሉም ጣቢያዎች የአየር ግፊት መለኪያ የተገጠመላቸው አይደሉም፤ መለኪያው ዋጋውን ከፍ ያደርገዋል። ለኢትዮጵያ ክረምት ግን የግፊቱ ወሬ ቁልፍ ነው። በደቡብ ሕንድ ውቅያኖስ ከማዳጋስካር በስተምሥራቅ ባሉት የማስካሪን ደሴቶች አካባቢ፣ እንዲሁም በደቡብ አትላንቲክ በቅድስት ሄለና ደሴት አካባቢ ከፍተኛ የአየር ግፊት ያላቸው ሁለት ሥፍራዎች አሉ። በክረምት ወራት እርጥበት የተሸከመው አየር ከእነዚህ ሥፍራዎች እየተገፋ አንዱ በሕንድ ውቅያኖስ፣ ሌላው በኮንጎ ደን በኩል ወደ ኢትዮጵያ ደጋ ይመጣል። ግፊቱ ሲበረታ ዝናቡ ይጠነክራል፤ ሲላላም ዝናቡ ይላላል። የአገራችን የትንበያ ባለሙያዎች ከሚከታተሏቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ነው። በዚያ ባሕር ላይ መርከብ ብዙም አያልፍም፤ ደሴቱም ጥቂት ነው። ግፊትን ደግሞ ሳተላይት ከላይ ሆኖ እንደ ሙቀት ሊያነበው አይችልም። ስለዚህ የግፊት መለኪያ የያዙ ተንሳፋፊዎች ባይኖሩ ሥፍራው ጨለማ ይሆን ነበር።

ሁለተኛው ጥያቄ ጥበቃ ነው። ይህ ጉዳይ የአጥርና የጋራ ንብረት ጣጣ ለሚያውቁ የገበሬ ማኅበር መሪዎች እንግዳ አይሆንም። ባሕር ላይ የሚንሳፈፍ ነገር ሁሉ ከሥሩ ዓሣ ይሰበስባል። የዓሣ አጥማጅ መርከቦች ይህን ስለሚያውቁ ወደ ታሰሩት ጣቢያዎች ይጠጋሉ፤ ጀልባቸውን ያስሩባቸዋል፤ መረባቸው ከገመዱ ጋር ሲጠላለፍ ገመዱን ይቆርጣሉ። ይባስ ብሎም ባትሪውን፣ የፀሐይ ኃይል መቀበያውን፣ መለኪያውን ፈተው የሚወስዱ አሉ። በሕንድ ውቅያኖስ ይህ ጉዳት የበረታ ነው። ሕንድ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በቼናይ ከተማ ባለው ተቋሟ በኩል የራሷን ጣቢያዎች ስታሰማራ ከገጠሟት ችግሮች ዋነኛው ይኸው ሆኖ ቆይቷል።

ዓሣ አጥማጁን ብቻ መውቀስ ቀላል ነው። አብዛኛው ግን ያ ቢጫ ነገር ምን እንደሚሠራ የነገረው የለም። ራሱን ከማዕበል የሚያስጠነቅቀው ወሬ ከዚያ እንደሚመጣ ቢያውቅ ኖሮ አንዳንዱ እጁን በሰበሰበ ነበር። የሕንድ ውቅያኖስ የቱና ዓሣ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ውሳኔ የዓሣ መርከቦች ከመረጃ ጣቢያ በ1 የባሕር ማይል፣ ማለትም በ1,852 ሜትር ክልል ውስጥ ሆን ብለው እንዳያጠምዱ ከልክሏል። ውሳኔው መልካም ነው። ይሁንና በሰፊው ባሕር መካከል ተቆጣጣሪ ማን ነው? ስለዚህም ባለሙያዎቹ ጀልባ ሊታሰርበት የማይችል፣ ያለ ልዩ መፍቻ የማይከፈት ጣቢያ ወደ መሥራት ዞረዋል።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ የጥገናው ወጪ ነው። በገጠር የውሃ ፓምፕ ሲመረቅ ባለሥልጣኑም ሕዝቡም ይገኛል፤ ፓምፑ ሲበላሽ ግን ለመለዋወጫ የሚያዋጣ ይጠፋል። በሰላማዊ ውቅያኖስ የደረሰው ከዚህ አይለይም። እነዚያን ጣቢያዎች እየዞረች ታድስ የነበረች ካኢሚሞአና የተባለች የአሜሪካ መርከብ እ.ኤ.አ. በ2012 በበጀት ምክንያት ከሥራ ወጣች። በቂ ምትክ ስላልተመደበላትም ጣቢያዎቹ አንድ በአንድ ዝም አሉ። በ2014 መጀመሪያ ላይ ይደርስ የነበረው ወሬ ሊደርስ ከሚገባው 40 በመቶ ገደማ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ጃፓንም በበኩሏ በምዕራቡ ወገን የተከለቻቸውን መቀነስ ጀምራ ነበር። ስለ ኤልኒኖ ያን ያህል የደከመ ዓለም ዓይኑን በገዛ እጁ ሊጨፍን ተቃረበ ማለት ይቻላል።

በዚያው በጥር ወር 2014 በካሊፎርኒያ ላ ሆያ ከተማ ሊቃውንቱና ገንዘብ ከፋዮቹ ተሰበሰቡ። ጣቢያዎቹ ወደ ሥራ እንዲመለሱና አሠራሩ በሙሉ እንደገና እንዲጠና የሚያደርግ መርሐ ግብርም ከዚያ ስብሰባ ወጣ። ጥገናውም በዚያው ዓመት መሻሻል ጀመረ። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ2015፣ ከታዩት እጅግ ኃይለኞች አንዱ የሆነው ኤልኒኖ መጣ። በእኛ አቆጣጠር የ2007 ክረምት በሰሜን፣ በመካከለኛውና በምሥራቁ የአገራችን ክፍል የከሸፈው በዚህ ጊዜ ነው። በታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. መንግሥትና ረድኤት ሰጪዎች በጋራ ባወጡት ሰነድ የምግብ እርዳታ የሚያስፈልገው ሕዝብ 10.2 ሚሊዮን ደርሶ ነበር። ያ ኤልኒኖ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ ጣቢያዎቹ ዝም ባሉበት ሰዓት ቢመጣ ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር መገመት አያዳግትም።

ድርቅ ሁሉ ግን ከኤልኒኖ አይመጣም፤ ኤልኒኖም በሁሉም ሥፍራ ድርቅ አያመጣም። ይህን አለመለየት በየስብሰባው ብዙ ስሕተት ሲያስከትል ይታያል። ኤልኒኖ ሲሆን በክረምት ዝናብ የሚተዳደረው ደጋና ወይና ደጋ ይጎዳል፤ በመስከረምና በኅዳር መካከል ዝናብ የሚያገኙት ቦረናና ሶማሌን የመሳሰሉ የደቡብና የደቡብ ምሥራቅ አካባቢዎች ግን ብዙውን ጊዜ ከልክ በላይ ይዘንብባቸዋል። ላኒና የተባለው የተገላቢጦሹ ሁኔታ ሲመጣ ደጋው ይጠግባል፤ ቆላው ይጠማል። ከ2013 ዓ.ም. መግቢያ እስከ 2015 ዓ.ም. አጋማሽ ድረስ በአርብቶ አደሩ ሥፍራ አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው የከሸፉት፣ በሚሊዮን የሚቆጠር ከብትም ያለቀው ላኒና ለሦስት ዓመታት በተከታተለበት ጊዜ ነው። ናይሮቢ የሚገኘው የኢጋድ የአየር ንብረት ማዕከል አምስተኛው ወቅት ሊከሽፍ እንደሚችል ነሐሴ 2014 ዓ.ም. ላይ አስቀድሞ አስታውቆ ነበር፤ እንዳለውም ሆነ።

ለእነዚህ አካባቢዎች ከሰላማዊ ውቅያኖስ ሌላ የሕንድ ውቅያኖስ ጠባይ ወሳኝ ነው። የአፍሪካው ወገን ሞቆ የኢንዶኔዥያው ወገን ሲቀዘቅዝ በምሥራቅ አፍሪካ ዝናቡ ይበረታል፤ እ.ኤ.አ. በ2019 እና በ2023 መጸው የታየው ጎርፍ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። ይህ የሁለት ወገን ሚዛን ራሱን የቻለ ነገር መሆኑ በሊቃውንት የታወቀው በ1999 ነው፤ ከኤልኒኖ ጋር ሲነጻጸር ገና ትናንት ማለት ነው። የታሰሩ ጣቢያዎችን በሕንድ ውቅያኖስ ላይ የመትከሉ ሥራም የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። አሜሪካ፣ ሕንድ፣ ጃፓን፣ ኢንዶኔዥያ፣ ቻይናና ሌሎችም በየድርሻቸው ገብተውበት በመጀመሪያ 46 ጣቢያዎች ታቀዱ።

ዕቅዱ ግን አልተሞላም። ከሁሉ በላይ ክፍት የቀረው ለኢትዮጵያ የሚቀርበው የሰሜን ምዕራቡ ክፍል ነው። የሶማሊያ የባሕር ወንበዴዎች በተበራከቱባቸው ዓመታት የምርምር መርከቦች ወደዚያ ለመሄድ አልደፈሩም፤ የመድን ዋጋውም ሆነ የሠራተኞቹ ሕይወት አላስቻለም። በኋላም ዕቅዱ ተከልሶ የጣቢያዎቹ ቁጥር ወደ 33 ዝቅ እንዲል ተደረገ። በመሆኑም ዝናባችንን ከሚወስኑት ውሃዎች ቅርቡ ከሁሉም ያነሰ የሚለካ ሆኖ ይገኛል። በባለሙያዎቹ ጉባዔ ላይ የምዕራብ ሕንድ ውቅያኖስ ጉዳይ በተደጋጋሚ የሚነሣውና ለአካባቢው አገሮች ባለሙያዎች ሥልጠና የሚሰጠውም ይህን ክፍተት ለማጥበብ ነው።

ኢትዮጵያ ለእነዚህ ጣቢያዎች መርከብ አታሰማራም፤ ወሬውን ግን ታገኛለች። በዓለም ሚቲዎሮሎጂ ድርጅት ደንብ መሠረት ለትንበያ አስፈላጊ የሆነው ልኬት በአባል አገሮች መካከል ያለ ክፍያ ይለዋወጣል። ኢትዮጵያም በበኩሏ የራሷን ትሰጣለች። በየወረዳው ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የዝናብ መለኪያውን የሚያነብ ሰው የሚመዘግበው ቁጥርም ለአገሪቱ ትንበያ መሠረት ይሆናል። መለኪያው አጠገቡ ዛፍ አድጎበት፣ ወይም አጥሩ ፈርሶ ከብት ሲተሻሸው ዝም የሚባልበት ቀበሌ፣ በባሕር ላይ ባትሪ ከሚፈታው ዓሣ አጥማጅ ብዙም አይርቅም።

ከየአቅጣጫው የመጣው ልኬት የሚጠቃለለው በሁለት ደረጃ ነው። የአፍሪካ ቀንድ አገሮች የሚቲዎሮሎጂ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ እየተሰበሰቡ የቀጣዩን ወቅት የጋራ ትንበያ ያወጣሉ። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩትም ለበጋ፣ ለበልግና ለክረምት የየራሱን ትንበያ ያዘጋጃል። ትንበያው «ይዘንባል» ወይም «አይዘንብም» ብሎ አይቆርጥም። ዝናቡ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ ወይም ከመደበኛ በታች የመሆን ዕድሉን በመቶኛ ከፍሎ ይናገራል።

መቶኛውን ማንበብ ላይ ነው ብዙ ጊዜ ስሕተት የሚመጣው። ለአንድ አካባቢ ከመደበኛ በታች የመሆን ዕድሉ 45፣ መደበኛ የመሆኑ 35፣ ከመደበኛ በላይ የመሆኑ 20 በመቶ ነው ቢባል፣ ድርቅ ነው ማለት አይደለም። ከአሥር ዓመት አራት ተኩል ያህሉ ዝናብ የሚያንስበት፣ የቀረው ግን ደህና የሚሆንበት ዕጣ ነው። እንዲህ ያለውን ወሬ ሰምቶ ማሳውን ጾም የሚያሳድር ይጎዳል፤ እንዳልሰማ ሆኖ ሙሉውን በማሽላ የሚሸፍንም ይጎዳል። በትንበያው የሚጠቀመው ከመሬቱ ከፊሉን ቶሎ ለሚደርስ ዘር የሚይዝ፣ ማዳበሪያውን በአንድ ጊዜ ሳይሆን ከፍሎ የሚገዛ፣ ማሽላው ቢከሽፍ በጤፍ፣ ጤፉም ቢዘገይ በሽምብራ ለመተካት ዘር አስቀርቶ የሚጠብቅ ነው። ይህን ደግሞ አንድ ገበሬ ለብቻው ከሚያደርገው ይልቅ ማኅበሩ ወይም ኅብረት ሥራው አስቀድሞ ዘሩን ቢያዘጋጅለት ይቀለዋል።

በወረዳ ደረጃ ትንበያው ሲደርስ የማኅበር መሪዎች ለግብርና ጽሕፈት ቤቱ ሊያቀርቧቸው የሚገቡ ጥያቄዎች አሉ። መቶኛው ለዚህ ወረዳ ስንት ነው? ዝናቡ የሚገባበትና የሚወጣበት ቀንስ ተገምቷል ወይ? በየአሥር ቀኑና በየወሩ የሚወጣው ማሻሻያ ለልማት ሠራተኛው በስንት ቀን ይደርሳል? የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል ይመስላል። ከሰላማዊ ውቅያኖስ መሐል የተለካ ሙቀት በሳተላይት አማካይነት በሰዓታት ውስጥ አዲስ አበባ ይገባል። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ገበሬው ቀበሌ እስኪደርስ ግን ሳምንታት የሚፈጅበት ጊዜ አለ፤ ያን ጊዜም ዘሩ መሬት ውስጥ ገብቷል።